የወይዘሮ በርታ ቤንዝ ሕይወትና ሞተሩ የተፈተነበት መንገድ

የማኅበራችንን ያለፉ ዓመታት በምናስታውስበት በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ለአንዲት ጀርመናዊት እናት ጥቂት ገጾች መስጠታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኛም ተነጋግረንበት ነው ያደረግነው። ከጦርነቱ በፊት ቡሪ የኖረ ሁሉ ቀኑን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በሞተር ድምፅ ነበር። ጠዋት በሐፍላ ወይም በአምጃድ ወደ ሥራ፣ ማታ በራክሻ እስከ ሰፈር። ከወገኖቻችንም መካከል በሾፌርነት፣ በመካኒክነትና በጎሚስታ ሥራ ቤተሰቡን ያስተዳደረ፣ አገር ቤት ያሉትን እናት አባቱን የጦረ ብዙ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ሞተሩ ሲፈላ ሾፌሩ ወርዶ ከጀሪካን ውሃ ሲጨምር፣ ተሳፋሪውም ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሲጠጋ ያላየ የለም። የቤንዚን ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ሩቅ መንገድ የተፈተነው በማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የፈተኑት ወይዘሮ በርታ ቤንዝ ናቸው። የመኪናውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የእርሳቸውን ታሪክ ግን ልጆቻችን እንዲያነቡት ፈለግን። ዘመኑን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብለን ለይተነዋል።

በርታ ሪንገር ሜይ 3 ቀን 1849 በደቡብ ጀርመን ፎርትስሃይም በምትባል ከተማ ተወለዱ። ፎርትስሃይም በወርቅ አንጥረኞቿ የታወቀች ከተማ ናት። አባታቸው በአናጢነትና በሕንፃ ሥራ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። በርታ ሲወለዱ አባትየው ወንድ ልጅ ይጠብቁ ስለነበር በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንደገና ሴት መወለዷን በቅሬታ ጽፈው ነበር ይባላል፤ በርታም ካደጉ በኋላ ያንን ጽሑፍ አግኝተው አንብበውታል ይላሉ። እንዲህ ያለው ነገር በእኛም አገር እንግዳ ስላልሆነ ብዙ አንልበትም።

በ1869 የአንድ ማኅበር አባላት ባዘጋጁት ሽርሽር ላይ በርታ ካርል ቤንዝ ከሚባሉ ወጣት መሐንዲስ ጋር ተዋወቁ። ካርል በ1844 የተወለዱ፣ የባቡር ሾፌር የነበሩት አባታቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱባቸው፣ እናታቸው በችግር ያስተማሯቸው ሰው ናቸው። በ19 ዓመታቸው ከካርልስሩኸ ፖሊቴክኒክ ተመርቀው በየፋብሪካው ሲሠሩ ቆይተዋል። እጃቸው ወርቅ፣ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ የመሥራት ሐሳብ ግን ከአእምሯቸው አይጠፋም ነበር።

በ1871 ካርል ከአንድ ሸሪክ ጋር ሆነው ማንሃይም ከተማ ላይ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ከፈቱ። ሸሪኩ የማይታመን ሆኖ ተገኘ፤ ሥራውም ገና በዓመቱ ሊዘጋ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ነው በርታ የገቡት። በእኛ ባህል ጥሎሽ ከወንድ ወገን ይመጣል፤ በእነርሱ ዘንድ ደግሞ የሙሽራዪቱ አባት ለልጃቸው የሚመድቡት ገንዘብ ነበር። በርታ ያ ገንዘብ ከሠርጉ በፊት እንዲሰጣቸው አባታቸውን አሳምነው፣ የሸሪኩን ድርሻ ከፍለው አስወጡት። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ያገባች ሴት በራሷ ስም ንብረት የማስተዳደር መብት ስላልነበራት ገንዘቡ ያለፈው ወደ ካርል ስም ነው። ጁላይ 20 ቀን 1872 ተጋቡ። ወርቋን ሸጣ ለባሏ ሥራ መነሻ የሰጠች እናት በመካከላችን ስንት እንዳለች የምታውቁ ታውቃላችሁ። የእነዚያ እናቶች ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ አይገኝም፤ የወይዘሮ በርታም ስም በፓተንቱ ላይ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከባድ ነበሩ። ልጆች ተወለዱ፤ ኦይገን በ1873፣ ሪቻርድ በ1874፣ ክላራ በ1877። ሥራ ጠፋ፣ ዕዳ ተከመረ፣ በ1877 የወርክሾፑ መሣሪያዎች ሳይቀሩ በዕዳ ተያዙ። ካርል መውጫ መንገድ ያዩት በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ ሞተር። ኒኮላውስ ኦቶ የሚባሉት ጀርመናዊ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተር ሠርተው በፓተንት አስከብረው ስለነበር፣ ካርል በጋዝ የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ለመሥራት ተነሡ። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ አልነሣ አለ። በ1879 የመጨረሻ ምሽት፣ ከእራት በኋላ፣ ባልና ሚስት አንድ ጊዜ ደግሞ እንሞክረው ብለው ወደ ወርክሾፑ ወረዱ። ሞተሩ ተነሣ። ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሠራ ቆመው አዳመጡት፤ ወዲያው የከተማው ደወሎች አዲሱን ዓመት ሲያበሥሩ ተሰሙ። ካርል በስተርጅና በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ይህን ሌሊት በፍቅር ያስታውሱታል። ለእኛ የሚገርመን ግን ሌላ ነው። መሣሪያው በዕዳ ተይዞ በነበረ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ሕፃናት ተኝተው፣ እናትየው የበዓል ምሽቷን ከሞተር አጠገብ ቆማ ማሳለፏ ነው።

ያ ሞተር ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ሳበ። ኦክቶበር 1883 ቤንዝ ኤንድ ሲ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ በአንድ ቦታ ተተክለው የሚሠሩ ሞተሮችንም መሸጥ ጀመረ። ቤተሰቡ እፎይ አለ። ካርልም ወደ ዱሮው ሐሳባቸው ተመለሱ። በ1885 ሠርተው የጨረሱት ተሽከርካሪ ሦስት እግር ነበረው፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ራክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንለውን አስቡ፤ ነገር ግን ጣራ የሌለው፣ መንኰራኩሩ እንደ ብስክሌት ቀጭን ሆኖ በድፍን ጎማ የተጠቀለለ፣ ሞተሩም ከመቀመጫው ኋላ የተጋደመ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ለዚህ ሥራ የፓተንት ማመልከቻ ቀረበ፤ ቁጥሩ 37435 ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 3 ቀን ካርል በማንሃይም ጎዳና ላይ በሕዝብ ፊት ነዱት።

ስለ ሞተሩ ጥቂት እንበል፤ መካኒኮቻችን እንዳይቀየሙን። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ አራት ምት የሚመታ፣ መጠኑ 954 ሲሲ ነበር። በደቂቃ 400 ጊዜ ያህል እየዞረ የሚሰጠው ጉልበት ግን ከአንድ ፈረስ በታች፣ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነዳጁ በካርቡራተሩ ውስጥ እየተነነ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ባትሪና ቦቢና የሚያወጡት ብልጭታ ያቃጥለዋል። ጉልበቱ በቺንጋ ወደ መካከለኛው ዘንግ፣ ከዚያም በሁለት ካቴና ወደ ኋላ እግሮች ይሄዳል። የዛሬው ዓይነት ራዲያተር አልነበረውም። ሲሊንደሩን የከበበው ውሃ እየፈላ ይተንና ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ውሃው ያልቃል፣ ደጋግሞ መሙላት ያስፈልጋል። ፍሬኑም ከእንጨት የተሠራ ነበር።

ነገሩ አለቀ የምንለው እዚህ ላይ ነበር፤ ግን አላለቀም። ገዢ አልመጣም። አንዳንዱ ሰው ጭሱንና ጩኸቱን ጠላው፣ ፈረሶች በረገጉ፣ ያየውም ሁሉ ለመደነቂያ እንጂ ለመግዣ አልፈለገውም። ካርል ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው የማይረኩ፣ አንዱን አስተካክለው ሌላውን የሚፈቱ ሰው ነበሩ። ሙከራው ሁሉ የተደረገው በግቢና በከተማው ዙሪያ በአጭር መንገድ ነው። ሞተር በወርክሾፕ ውስጥ፣ ዘይቱና ውሃው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ባለሙያው ቆሞለት ቢሠራ ምን ይደንቃል? አቧራ ሲገባበት፣ ድንጋይ ሲያንገጫግጨው፣ ዳገት ሲገጥመው ቀኑን ሙሉ ይችላል ወይ? ለዚህ መልስ የነበረው ሰው የለም። የቤተሰቡ ገንዘብና የአሥራ ስድስት ዓመት ድካም ግን ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በኦገስት 1888 መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት፣ አንድ ቀን ማለዳ ወይዘሮ በርታ ባለቤታቸው ሳይነሡ ተነሡ። የ15 ዓመቱ ኦይገንና ታናሹ ሪቻርድ የምሥጢሩ ተካፋይ ነበሩ። አያታችሁን ልንጠይቅ ፎርትስሃይም እንሄዳለን የሚል ሰበብ ይዘው፣ ለካርልም አጭር መልእክት ትተው፣ ሦስተኛውን ሞዴል መኪና ድምፁ እንዳይሰማ ከግቢ ገፍተው አወጡና ራቅ ብለው አስነሡት። ባላቸውን አላስፈቀዱም፤ የመንግሥትንም ፈቃድ አልጠየቁም። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ማንም በቤንዚን መኪና ይህን ያህል ርቆ አልሄደም። የመንገድ ምልክት የለም፣ ካርታ የለም፣ መንገዱ የጋሪ መንገድ ነው።

ያን ጊዜ በእኛ በኩል የነበረውን ማስታወስ አይከፋም። ዓመቱ 1880 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር የመሐዲስቶች ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ ጎንደርን ወግቶ አቃጥሏል። ካርቱም በ1885 ከወደቀች በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ኦምዱርማን ሆኗል። አፄ ዮሐንስ በመተማ ሊወድቁ የቀራቸው የወራት ዕድሜ ነበር፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብም እየመጣ ነበር። ዓለም እንዲህ የተራራቀ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ያለውን መንገድ ያለ ሞተር ማን ያስበዋል?

ወደ ጉዞው እንመለስ። ሜዳው ላይ መኪናው በሰዓት እስከ 16 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በደህና ሄደ። የመጀመሪያው ችግር ነዳጅ ነበር። ያ ሞተር የሚጠጣው ሊግሮይን የሚባል፣ ያን ጊዜ ሰዎች የልብስ እድፍ ለማስለቀቅ የሚገዙት ቀላል የነዳጅ ዓይነት ነው። የሚሸጠውም በመድኃኒት ቤት ነበር። ቪስሎኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲደርሱ በርታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገብተው ያለውን ሊግሮይን ገዙ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ለእድፍ ማስለቀቂያ ይህን ያህል የምትገዛ ሴት ምን ነክቷት ነው ሳይል አልቀረም እያልን እንስቃለን። ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጠራል፤ ከፊቱም መታሰቢያ ቆሞለታል።

ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ከምግብ ቤት፣ ከጉድጓድ፣ ከመንገድ ዳር ቦይ፣ ካገኙበት ሁሉ እየቀዱ ሞሉ። የነዳጁ ቧንቧ በቆሻሻ ሲደፈን በርታ የባርኔጣቸውን ረጅም መርፌ ነቅለው ወግተው ከፈቱት። የብልጭታው ሽቦ ተልጦ ከብረት ጋር ሲነካካና ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ካልሲያቸውን የሚያስሩበትን ላስቲክ ፈትተው ጠቀለሉበት። ካቴናው ሲረግብና ሲያስቸግር አንጥረኛ ዘንድ ቆመው አሠሩት። ከእነዚህ አንዱም ከወርክሾፕ የመጣ መሣሪያ አለመሆኑን ልብ በሉ። ከቡሪ ወጥቶ ፖርት ሱዳን መንገድ ላይ የተበላሸበት ሾፌር በሽቦ፣ በጨርቅና በሳሙና ሞተር ሲያድን ያየን ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን።

ዳገት ሲመጣ ሞተሩ አቅም አነሰው። ሁለት ማርሽ ብቻ ስለነበረው ከበድ ያለውን አቀበት መውጣት አቃተው። አንዱ ልጅ መሪውን ይዞ፣ እናትና ሌላው ልጅ ወርደው ገፉ። ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነበር፤ የእንጨት ፍሬኑ እየተበላ አልቆ ነበርና። በርታ መፍትሔውን ያገኙት ጫማ ሰፊ ቤት ገብተው ነው። በፍሬኑ እንጨት ላይ ቆዳ አስመቱበት። ዛሬ ጋራዥ ገብተን የፍሬን ሸራ ይቀየርልን ስንል የምንለው ነገር አያቱ ያ ቆዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ ቆዳ ወንዶቹ መሐንዲሶች በወርክሾፕ ሆነው ያላሰቡት ነገር ነበር፤ ያለ ረጅም ቁልቁለት እንጨቱ አያልቅማ።

ሲመሽ ፎርትስሃይም ደረሱ። አቧራ ለብሰው፣ እጃቸው በዘይት ጠቁሮ፣ ግን በራሳቸው ሞተር። በርታ ወዲያው ለባለቤታቸው በደህና መድረሳቸውን በቴሌግራም አስታወቁ። ካርል ጠዋት የተዉላቸውን መልእክት ካነበቡበት ሰዓት ጀምሮ ምን እንደተሰማቸው እናት አባት የሆነ ሁሉ ይገምተዋል፤ በአንድ በኩል ሚስትና ሁለት ልጆች፣ በሌላ በኩል ያላቸው ሀብት ሁሉ በአንድ ሲሊንደር ላይ ተጭኖ መንገድ ላይ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ እናትና ልጆች በሌላ መንገድ፣ አሁንም በዚያው መኪና ተመለሱ። በደርሶ መልሱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሞተሩ ተፈተነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እንወዳለን። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ቀልድ፣ ባሏን ደብቃ መኪና ይዛ የሄደች ሴት ወሬ ተደርጎ ነው። እኛ ግን እንደ ቀልድ አናየውም። ወይዘሮ በርታ ከመንገድ የተመለሱት ሪፖርት ይዘው ነው። ዳገት ላይ አቅም ያንሳል፤ ተጨማሪ ማርሽ ያስፈልጋል። ፍሬኑ በቆዳ ይለበድ። የነዳጅ ቧንቧው ይደፈናል፤ የሽቦው መሸፈኛ ይጠንክር። ካርል ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ ጨመሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሙኒክ ላይ በተደረገ ኤግዚቢሽን መኪናው በከተማው መንገድ ሲነዳ ታየ፤ የወርቅ ሜዳሊያም ተሸለመ። ሙያው ዛሬ ስም አለው፤ የጽናት ሙከራ ይባላል፤ ፋብሪካዎች መሐንዲሶችን ቀጥረው በበረሃና በበረዶ የሚያሠሩት ነው።

ገበያው በአንድ ቀን አልተከፈተም። ከ1886 እስከ 1893 ከዚያ ባለ ሦስት እግር መኪና የተሠራው 25 ያህል ብቻ ነበር። በ1894 ቴዎዶር ፎን ሊቢግ የሚባል ወጣት ባለጸጋ በቤንዝ ቪክቶሪያ ባለ አራት እግር መኪና ከራይኸንበርግ ተነሥቶ በማንሃይም በኩል እስከ ሞዘል ወንዝ አካባቢ 939 ኪሎ ሜትር ሄደ። ሒሳቡን ጽፎ አስቀምጦታል፤ 140 ኪሎ ቤንዚንና 1500 ሊትር ውሃ። በየኪሎ ሜትሩ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ማለት ነው። ሞተሩ ከሚነዳው ሰው አሥር እጥፍ ይጠጣ ነበር እንበል ይሆን? ከዚያ ወዲህ ቬሎ የተባለው ቀላልና ርካሽ ሞዴል መጣ፤ 1200 ያህል ተሠራ። በ1899 የቤንዝ ፋብሪካ በአንድ ዓመት 572 መኪና በመሥራት በዓለም ትልቁ ሆነ።

ወደ እኛም አገር የሞተር ዘመን መድረሱ አልዘገየም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ከጅቡቲ በኩል ተቀበለች። ካርቱም ደግሞ በጃንዋሪ 1914 ማርክ ፑርፕ የተባለው ፈረንሳዊ ከካይሮ ተነሥቶ በአውሮፕላን ሲያርፍባት አየች። ሁለቱም የቤንዚን ሞተር ልጆች ናቸው።

የወይዘሮ በርታ የኋላ ዘመን እንደ ጉዞው አልተወራም። ከሦስቱ በተጨማሪ ቲልደንና ኤለንን ወልደው አምስት ልጆች አሳደጉ። በ1903 ካርል ከድርጅቱ የዕለት ሥራ አመራር ለቀቁ፤ ስለ ሞዴሎቹ ከሌሎች ጋር አልተስማሙም ነበር። ቤተሰቡ ላደንቡርግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ገብቶ በ1906 ከልጆቻቸው ጋር ሌላ ፋብሪካ አቋቋመ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ የሌላው ሰው ቁጠባ እንደጠፋ የእነርሱም ጠፋ። ለዓመታት ያጠራቀሙት በአንድ ሌሊት ወረቀት የሆነባቸው ወገኖቻችን ይህንን ያለ ማብራሪያ ያውቁታል። በ1926 የቤንዝ ድርጅት ከዳይምለር ጋር ተዋህዶ ሁላችንም የምናውቀው ስም ተፈጠረ። በ1929 የፋሲካ ዕለት ብዙ መኪናዎች ተሰልፈው ላደንቡርግ ድረስ መጥተው ካርልን አከበሩ። ካርል ከአልጋ ላይ ነበሩ፤ አፕሪል 4 ቀን አረፉ።

ወይዘሮ በርታ ከባላቸው በኋላ 15 ዓመት ኖሩ። ሜይ 3 ቀን 1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ 95ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ካርል የተማሩበት የካርልስሩኸ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የክብር ሴናተር አድርጎ ሰየማቸው። ይህ ማዕረግ የመጣው ጉዞው ከተደረገ 56 ዓመት ቆይቶ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሜይ 5፣ በላደንቡርግ ቤታቸው አረፉ። ከእናታቸው ጋር መኪናውን የገፉት ሁለቱ ልጆች ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ ሪቻርድ በ1955፣ ኦይገን በ1958 ዐረፉ። በ2008 ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ደርሶ የሚመልሰው መንገድ በስማቸው ተሰይሞ ምልክት ተተክሎበታል። የመጀመሪያው ባለ ሦስት እግር መኪና ደግሞ ከ1906 ጀምሮ ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ተቀምጧል። ወደዚያ አገር የሄዱ ልጆቻችን ወይም ዘመዶቻችን ሲያልፉ ገብተው ቢያዩት፣ ቺንጋውንም ካቴናውንም ቀርበው ያገኙታል።